«ተፈርዶብህ ያውቃል?» ለምትለው የማመልከቻ ጥያቄ ምን ይመለሳል? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ግራ የገባው

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዋ አጭር ናት፣ መልሷ ግን አጭር አልሆነም። አንድ ሰው በ2021 ቨርጂኒያ ውስጥ በፍጥነት ተይዞ «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት) ተባለና 400 ዶላር ተቀጣ እንበል። በ2022 ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በጥል ምክንያት «ሰከንድ ዲግሪ አሶልት» (የድብደባ ክስ) ተከሶ ዳኛው ፒቢጄ (ከፍርድ በፊት ፕሮቤሽን፣ ማለትም የክትትል ጊዜ) ሰጡት፤ የአንድ ዓመት ፕሮቤሽኑን ጨርሷል። አሁን ዲሲ ውስጥ ሆቴል፣ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት፣ በተጨማሪም ኤርፖርት ሊያመለክት ነው። አንዱ ፎርም «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ይላል። ሌላው «ተይዘህ፣ ተከሰህ ወይም ተፈርዶብህ ያውቃል?» ይላል። ሶስተኛው ምንም አይጠይቅም። አንዱ ላይ «አዎ»፣ ሌላው ላይ «አይ» ቢል ውሸታም አያስብለውም?

መዝገብ ቤት

አያስብለውም። የተጠየቀው የተለያየ ስለሆነ መልሱም ይለያያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄውን ሳያነብ ስለ ራሱ የሚያምነውን ስለሚመልስ ነው፤ «ወንጀለኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም» ብሎ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ፎርሙ ስለ ጠባይ አይጠይቅም፣ ስለ መዝገብ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳት በፊት ሁለት ነገር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፦ የፎርሙ ጥያቄ ቃል በቃል፣ ከእያንዳንዱ ክስ ደግሞ ፍርድ ቤቱ የዘጋበት ወረቀት፣ «ዲስፖዚሽን» የሚባለው።

ቃላቱ እነዚህ ናቸው። «አሬስት» መያዝ ነው፤ ፖሊስ ያዘህ ማለት እንጂ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። «ቻርጅ» ክስ መመስረት ነው። «ኮንቪክሽን» ጥፋተኛ መባል ነው፤ ዳኛ ፈርዶ ወይም ራስህ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፍርድ ሲመዘገብ። «ፔንዲንግ» ገና ያልተዘጋ ማለት ነው። ፎርሙ ከእነዚህ የትኛውን እንደጠራ ከስሩ አስምር።

ሜሪላንድ ላይ ደግሞ አዘጋጉ ራሱ ዓይነት አለው። «ኖሊ ፕሮስ» ማለት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው ማለት ነው። «ስቴት» የሚባል አለ (ከክፍለ ግዛቱ «ስቴት» ጋር በአማርኛ አንድ ዓይነት ሆኖ ስንቱን ግራ አጋብቷል)፤ መዝገቡ ወደ ጎን ተደረገ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት በማንኛውም ምክንያት ሊከፈት ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን በቂ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ጥፋተኛ መባል አይደሉም።

ፒቢጄ «ከፍርድ በፊት ፕሮቤሽን» ነው። ዳኛው ጥፋቱን ካዩ በኋላ ፍርዱን ሳይመዘግቡ በፕሮቤሽን ያቆዩታል። ፕሮቤሽኑ በሰላም ሲያልቅ በሜሪላንድ ሕግ እንደ ኮንቪክሽን አይቆጠርም። ስለዚህ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ብቻ ከተባለ ለአሶልቱ መልሱ «አይ» ነው። «ተከሰህ ታውቃለህ?» ከተባለ «አዎ» ነው። «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ወይም ፒቢጄ ተቀብለህ ታውቃለህ?» የሚሉ ፎርሞችም አሉ፣ በተለይ የሙያ ፈቃድ ቦርዶች ጋ። እዚያም «አዎ» ነው።

ትኬት የምትመስለዋ ናት የምታስቸግረው። በቨርጂኒያ ሬክለስ ድራይቪንግ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፤ «ክላስ ዋን ሚስዲሚነር» ነው (ሚስዲሚነር ከፌሎኒ፣ ማለትም ከከባድ ወንጀል፣ ያነሰ ነው)፣ እስከ 12 ወር እስራት እና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያለው ወንጀል። ከተወሰነው ፍጥነት 20 ማይል ማለፍ ወይም ገደቡ ምንም ይሁን ከ85 ማይል በላይ መንዳት ለዚህ ይበቃል። ጥፋተኛ ከተባለ «በወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል?» ለሚለው መልሱ «አዎ» ነው። «በፌሎኒ ተፈርዶብህ ያውቃል?» ከሆነ ግን «አይ» ነው።

ቀልጣፋ

ምን አስጨነቃችሁ? ሁሉም ላይ «አይ» ብሎ መሙላት ነው። የመኪና ነገር ማን ያየዋል?

መዝገብ ቤት

ማንም ያየዋል። የቨርጂኒያ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በስም ይፈለጋል። ሜሪላንድም «ኬዝ ሰርች» አላት፣ ክፍያም አትጠይቅም። ባክግራውንድ ቼክ (ለቀጣሪ የአመልካች ታሪክ ፍተሻ) የሚሠሩት ድርጅቶች የመጀመሪያ ማረፊያቸው እነዚህ ናቸው።

ደግሞ ቀጣሪ አምስት ዓመት ያለፈውን የፍጥነት ጥፋት ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። በፊርማ የተሰጠ ሐሰተኛ መልስን ግን አያልፍም። ማመልከቻው ግርጌ ላይ ያለው ትንንሽ ጽሑፍ «የተሳሳተ መረጃ ከሰጠሁ ከተቀጠርኩም በኋላ ልባረር እችላለሁ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ከሦስት ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የፌዴራል ፎርም ከሆነ መዋሸቱ ራሱ ወንጀል ነው።

የኤችአር ወንበር

መዝገብ ቤት «ምን» የሚለውን ጨርሶታል፣ እኔ «መቼ» ላይ ልጨምር። በብዙ ቦታ ቀጣሪው ገና ማመልከቻ ላይ መጠየቅ አይፈቀድለትም። «ባን ዘ ቦክስ» የሚሉት ይህን ነው፣ ምልክት የሚደረግባትን ትንሿን ሳጥን ከማመልከቻ ላይ ማንሳት። ለግል ቀጣሪዎች ጭምር በክፍለ ግዛት ደረጃ የጀመረችው ሃዋይ ናት፣ በ1998። የሚገዛህ የሥራ ቦታው ሕግ እንጂ የምትኖርበት አፓርታማ ሕግ አይደለም። ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየኖርክ ዲሲ ከሠራህ የዲሲው ነው።

ዲሲ፦ ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ስለ ፍርድ የሚጠይቀው «ኮንዲሽናል ኦፈር» ከሰጠህ በኋላ ብቻ ነው፣ ማለትም «ቀጥረንሃል፣ ፍተሻው ካለፈ» ካለ በኋላ። ፍርድ ላይ ያልደረሰ መያዝ ወይም ክስ፣ አሁን በሂደት ላይ ካልሆነ በስተቀር፣ ጭራሽ አይጠየቅም። ኦፈሩን ለመሰረዝ ከሥራው ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ከተሰረዘብህ በ30 ቀን ውስጥ «ስለ እኔ ያያችሁትን መዝገብ ሁሉ ስጡኝ» ብለህ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለህ። አቤቱታ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዲሲ የሰብዓዊ መብት ቢሮ ይቀርባል፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ሕጉ የማይነካቸው አሉ፦ ከልጆች ወይም ራሳቸውን መጠበቅ ከማይችሉ አዋቂዎች ጋር የሚያሠራ ሥራ፣ እና ሌላ ሕግ ፍተሻ ግድ የሚልበት።

ሜሪላንድ፦ ከፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከመጀመሪያው የአካል ቃለ መጠይቅ በፊት አይጠይቅም። ይህ የክፍለ ግዛቱ ነው፤ ካውንቲ ከዚህ ሊያጠብቀው ይችላል።

ሞንትጎመሪ አጥብቆታል። እዚያ አንድ ሠራተኛ ያለውም ቀጣሪ ኮንዲሽናል ኦፈር እስኪሰጥ መጠበቅ አለበት። ከዚያም በኋላ ፍርድ ላይ ያልደረሰ መያዝን፣ ከተፈረደ (እስራት ካለውም ከተፈታ) ሦስት ዓመት ያለፈውን ሚስዲሚነር መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያ ድርጅቱ ምንም አለመጠየቁ ደግነት አይደለም፣ ሕግ ነው። የ2021ዱ ሬክለስም የ2022ቱ ፒቢጄም እዚያ ቦታ የላቸውም። ኦፈሩን ሊሰርዝ ቢፈልግ ሪፖርቱን መስጠት፣ የትኛው ነጥብ እንዳሳሰበው መግለጽና 7 ቀን መጠበቅ አለበት።

ቨርጂኒያ ለግል ቀጣሪዎች እንዲህ ያለ አጠቃላይ የጊዜ ገደብ አላወጣችም፤ ለክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች አለ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና የኮንትራክተሮቻቸው ሥራ ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ከኮንዲሽናል ኦፈር በፊት አይጠይቅም።

ግራ የገባው

እሺ፣ ግን የሆቴሉ ማመልከቻ ዲሲ ሆኖ ሳለ ገጹ ላይ ሳጥኗ አለች። ሕግ ጥሰዋል ብሎ ይተዋት?

የኤችአር ወንበር

መጀመሪያ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብብ። ትላልቅ ድርጅቶች ለመላው አሜሪካ አንድ ፎርም ነው የሚጠቀሙት፤ ከጥያቄው ስር «የዲሲ፣ የካሊፎርኒያ፣ የሃዋይ... አመልካቾች ይህን አይመልሱ» የሚል መስመር ይኖራል። ካለ ባዶ ተወው። ከሌለና ሳይሞላ አላሳልፍ ካለ የገጹን ፎቶ አንሣ (ቀኑ እንዲታይ አድርገህ)፣ ከዚያ እውነቱን መልስ። ሕገ ወጥ ጥያቄ ሐሰተኛ መልስን ሕጋዊ አያደርገውም። ፎቶው ለአቤቱታው ይሆናል።

አንዷ እናት

ወንድሞቼ፣ በዚሁ ልግባ። ስለ ኮሌጅስ? የ17 ዓመት ልጅ በ15 ዓመቱ ጁቬናይል (የወጣቶች) ፍርድ ቤት ቀርቦ ከነበረ፣ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ይጽፋል? «የገንዘብ እርዳታውም ይቀራል» ይሉኛል።

ሞሪያ

እህቴ፣ ከገንዘቡ ልጀምር፣ ሰው በከንቱ የሚፈራው እሱን ስለሆነ። ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ ገንዘብ እርዳታ ፎርም) ላይ ድሮ ስለ ዕፅ ፍርድ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበር። በ2020 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ አስቀርቶታል፤ ዛሬ ፎርሙ ላይ የለም። ስለዚህ ያን አይፍሩ።

ኮመን አፕ (ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት ማመልከቻ) የወንጀል ጥያቄውን ከጋራው ክፍል ላይ ያነሣው በ2019 ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ በራሱ ተጨማሪ ገጽ ላይ መጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ «ኮመን አፕ አይጠይቅም» ብሎ አለፈ ማለት አይቻልም። ልጁ የመረጣቸውን ኮሌጆች ገጽ አንድ በአንድ መክፈት ነው።

ሜሪላንድ በ2018 መጀመሪያ ባጸደቀችው ሕግ የክፍለ ግዛቱን ገንዘብ የሚቀበሉ ኮሌጆች በራሳቸው ማመልከቻ ላይ የወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቁ ከልክላለች። እንደ ኮመን አፕ ያለ የሌላ አካል ማመልከቻ ከተጠቀሙ ግን ጥያቄው ሊኖር ይችላል፤ ያኔ መልሱ ብቻውን እንደማያስቀር በድረ ገጻቸው ማስታወቅ አለባቸው። በመቀበያው ውሳኔ ላይ እንጂ ከተቀበሉ በኋላ ስለ ዶርም ወይም ስለ ግቢ ደኅንነት እንዳይጠይቁ አልተከለከሉም። የመጀመሪያዋ ሉዊዚያና ነበረች፣ በ2017፤ ዋሽንግተን ስቴትም በ2018 ተከተለች።

አሁን የልጁ ጉዳይ። በጁቬናይል ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ «አጁዲኬሽን» ይባላል እንጂ ኮንቪክሽን አይደለም፤ የሜሪላንድ ሕግም ይህን በግልጽ ይላል። «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ከተባለ መልሱ «አይ» ነው። አንዳንድ ፎርም ግን «ተፈርዶብህ ወይም በጁቬናይል ውሳኔ ተሰጥቶብህ» ብሎ ይጨምራል፤ ያኔ ይለያል። ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ ጉዳዩ በእርግጥ ጁቬናይል ውስጥ ነው የተዘጋው ወይስ እንደ አዋቂ ተከሶ ነበር? መዝገቡ ታሽጓል? ትምህርት ቤቱ የሰጠው የዲሲፕሊን ቅጣት ለብቻው አለ? የመጨረሻውን ብዙ ወላጅ ይረሳዋል። ከትምህርት ቤት መታገድ ወንጀል አይደለም፣ ግን «የዲሲፕሊን ቅጣት ደርሶብህ ያውቃል?» የምትል ሌላ ጥያቄ አለችው።

አንዷ እናት

እግዜር ይስጥልኝ። «አዎ» ማለት ካለበትስ፣ ማብራሪያ የሚል ቦታ አለ። ሁሉን ዘርዝሮ ይጻፍ?

ሞሪያ

አይዘርዝር። አንባቢው በቀን ብዙ ፋይል ነው የሚያነበው። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ክሱ በፍርድ ቤቱ አጠራር፣ ወርና ዓመት፣ የትኛው ፍርድ ቤት፣ እንዴት ተዘጋ፣ የተሰጠው ግዴታ መቼ ተጠናቀቀ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ሠራ። ይህን ይመስላል፦

«በማርች 2022 በሞንትጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት ኮርት በሰከንድ ዲግሪ አሶልት ተከስሼ ነበር። ዳኛው ከፍርድ በፊት ፕሮቤሽን ሰጥተውኝ የ12 ወር ፕሮቤሽኑንና 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎቱን በማርች 2023 አጠናቅቄያለሁ። መዝገቡ ያለ ፍርድ ተዘግቷል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሌላ ክስ የለብኝም። የመዝጊያውን ወረቀት አያይዣለሁ።»

የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው፦ «ጓደኞቼ አሳሳቱኝ»፣ «ፖሊሱ ይጠላኝ ነበር»፣ ወረቀቱ «አሶልት» እያለ «ትንሽ አለመግባባት» ማለት። ማብራሪያውና ወረቀቱ ካልተመሳሰሉ ችግሩ ከክሱ ይብሳል። ጠበቃ ያለበት ወይም ገና ያልተዘጋ ክስ ከሆነ ግን ጠበቃው ሳያየው አንድ መስመር እንዳይጻፍ፤ ማመልከቻ ላይ የተጻፈ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ነርሲንግ የሚያስቡ ልጆች ካሉ፣ ኮሌጁ ሳይጠይቅ ሊቀበላቸው ይችላል፣ ግን ክሊኒካል ልምምድ የሚሰጠው ሆስፒታል የራሱን ፍተሻ ያደርጋል። ከዚያም የፈቃድ ቦርዱ አለ። ሁለት ሴሚስተር ተከፍሎ ክሊኒካል ላይ መቆም ከባድ ኪሳራ ነው። ከመመዝገብ በፊት የፕሮግራሙን አስተባባሪ «ለክሊኒካል ምን ዓይነት መዝገብ ይከለክላል?» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ፣ መልሱንም ማስቀመጥ ይሻላል።

ሦስተኛ ፈረቃ

ሆም ኬር (የቤት ለቤት እንክብካቤ) ላይ ያላችሁም ተጠንቀቁ። ቨርጂኒያ «ባሪየር ክራይም» የሚባል ዝርዝር አላት፤ እዚያ ላይ ያለ ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ሆም ኬር ድርጅት መቅጠር አይችልም፣ ቢፈልግም። ቀላል የሚባለው አሶልት ኤንድ ባተሪም ዝርዝሩ ላይ ነው። መውጫው፦ አንድ ሚስዲሚነር ብቻ ከሆነ፣ በደል ወይም ቸልተኝነት ከሌለበትና ከተፈረደ አምስት ዓመት ካለፈው ድርጅቱ ሊቀጥር ይችላል። ይህን የማያውቅ ኤችአር ብዙ ነው፤ የሕጉን ገጽ አትሞ ይዞ መሄድ ነውር የለውም።

ባጅ ያዥ

ስለ ኤርፖርቱ። ደለስ (Dulles) ኤርፖርትም ሆነ ሬገን፣ ወደተከለከለው ክልል የሚያስገባው «ሳይዳ ባጅ» የሚታየው በጣት አሻራ በኤፍቢአይ በኩል ነው። የፌዴራል ደንቡ የሚከለክሉ ወንጀሎችን ዘርዝሮ አስቀምጧል፣ ወደ ኋላ የሚቆጥረውም 10 ዓመት ነው። ዝርዝሩ ላይ በፌሎኒ ደረጃ ያሉ ስርቆት፣ የማታለል ወንጀል፣ የተሰረቀ ዕቃ መያዝ፣ ከባድ አሶልት፣ ጉቦ፣ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያሳስር የዕፅ ጉዳይ እና ሌሎችም አሉ። ሬክለስ ድራይቪንግ የለበትም። በሜሪላንድ ሰከንድ ዲግሪ አሶልት ሚስዲሚነር ሆኖ ሲመዘገብ ከባድ ከሚባለው አይደለም፣ እዚህ ደግሞ ፍርድም የለም።

ሁለት ወጥመድ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የአሻራው ውጤት ብዙ ጊዜ መያዙን ያሳያል፣ አዘጋጉን አያሳይም። «አሶልት፣ 2022» ብሎ ያቆማል። ባጅ ቢሮው ያኔ ወረቀት ይጠይቃል። ከፍርድ ቤቱ ክለርክ ማኅተም ያለበት ኮፒ አስቀድሞ የያዘ ሰው ያን ቀን ይጨርሳል፣ ያልያዘው ሳምንታት ይጠብቃል፣ ቀጣሪው ደግሞ አይጠብቅም። የሚከለክል ወንጀል ተገኝቷል ከተባለና ስህተት ከሆነ፣ ላርም ነው ብሎ በጽሑፍ ለማሳወቅ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ባጅ ይዞ እያለ ከዝርዝሩ በአንዱ የተፈረደበት በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅና ባጁን መመለስ አለበት።

የካስተምስ (የጉምሩክ) ማኅተም የሚያስፈልግበት ሥራ (ዓለም አቀፍ በረራ ያለበት ቦታ) የራሱ ፍተሻ አለው፣ ከባጁ ጋር አንድ አድርጋችሁ አትዩት።

የፌዴራል ሥራ ለሚያመለክት፦ ኦኤፍ-306 የሚባለው ፎርም ያለፉትን 7 ዓመታት ነው የሚጠይቀው፣ ከ300 ዶላር ያልበለጠ የትራፊክ ቅጣትም ተወው ይላል። የጠያቂው 400 ዶላር ስለሆነ አይተውም፤ ይጻፋል። የተሰረዘ ፍርድም አይጻፍም ይላል ፎርሙ ራሱ።

ቀልጣፋ

እሺ ተረታሁ። ግን ምንም የሌለበት ሰው ሪፖርቱ ላይ ወንጀል ሲወጣበትስ? «ተስፋዬ» ስንት ነው፣ «መሐመድ» ስንት ነው!

መዝገብ ቤት

ይህ ለኛ ሰው ዋናው ችግር ነው፣ ከነሳጥኗም በላይ። ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው የአባት ነው፣ አንዳንዱ ወረቀት ላይ አያት ይጨመራል፣ የአያቱ ስም ደግሞ አንዱ ቦታ ሚድል ኔም ሌላው ቦታ ላስት ኔም ሆኖ ይገባል። «ጸ»ን አንዱ በአንድ ፊደል ሌላው በሁለት ይጽፋታል። በዚያ ላይ በስደተኝነት የመጡ ብዙ ሰዎች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስሙ የተለመደ፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1፣ ዓመቱም ተቀራራቢ ሲሆን ኮምፒዩተሩ የሌላውን ሰው መዝገብ ይለጥፍብሃል። የፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲ አይታይም፣ የሚያያይዙት በስምና በልደት ነው።

የፌዴራሉ ሕግ (ኤፍሲአርኤ) መንገድ አስቀምጧል። ቀጣሪው በሌላ ድርጅት ሲያስፈትሽ መጀመሪያ ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ያሳውቅህና በጽሑፍ ትፈቅድለታለህ። ሪፖርቱን አይቶ ሊጥልህ ካሰበ ውሳኔውን ከማጽናቱ በፊት የሪፖርቱን ኮፒና የመብትህን ማጠቃለያ መላክ አለበት። ኢሜይሉ «ፕሪ-አድቨርስ አክሽን» ይላል። ሰው ይህን ኢሜይል «አልተቀበሉኝም» ብሎ ያጠፋዋል፤ አልጣሉህም፣ ገና እያሰቡ ነው። ሕጉ ቀን ባይቆርጥም አምስት የሥራ ቀን ያህል መስጠት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ቀን መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

በዚያው ቀን ምን ይደረጋል? ለኤችአር አንድ አጭር ኢሜይል፦ «ይህ መዝገብ የእኔ አይደለም፣ ለሪፖርት ድርጅቱ ተቃውሞ አስገብቻለሁ፣ ቦታውን እንድትይዙልኝ እጠይቃለሁ።» ለሪፖርት ድርጅቱ ደግሞ ተቃውሞ («ዲስፒዩት»)፣ ከመታወቂያ ኮፒና ስህተቱ ምን እንደሆነ ከሚያሳይ ነገር ጋር፦ የአያት ስም ልዩነት፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ሰው አድራሻ፣ ቁመት፣ የመንጃ ፈቃድ ክፍለ ግዛት፣ ያገኘኸውን ሁሉ። ድርጅቱ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ ማረም አለበት፤ በመሃል ተጨማሪ መረጃ ከሰጠህ እስከ 45 ሊሄድ ይችላል። ሥራው ከቀረብህ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነጻ መጠየቅ ትችላለህ።

ፍርድ ላይ ያልደረሰ መያዝ ከ7 ዓመት በላይ ከሆነው ሪፖርት ላይ መውጣት የለበትም፣ ደመወዙ በዓመት 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ ካልሆነ በስተቀር። ጥፋተኛ የተባለበት ግን በፌዴራሉ ሕግ ጊዜ አይገድበውም።

ማመልከት ሳይጀመር የራስን መዝገብ ማየት ይሻላል። ከኤፍቢአይ «አይደንቲቲ ሂስትሪ ሰመሪ» በ18 ዶላርና በጣት አሻራ ይገኛል፤ አንዳንድ ፖስታ ቤቶች አሻራውን በኤሌክትሮኒክ ይወስዳሉ፣ ለዚያ የራሳቸው ክፍያ አላቸው። በአሻራ የሆነው የስም መመሳሰል አይነካውም፣ ስለዚህ ለተቃውሞውም ማስረጃ ይሆናል።

ግራ የገባው

ፒቢጄውን ማሰረዝ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተሰረዘ በኋላ እንዳልነበረ ይሆናል አይደል?

ሞሪያ

ለሥራና ለትምህርት አዎ። የሜሪላንድ ሕግ ቀጣሪም ሆነ ትምህርት ቤት የተሰረዘ ክስን እንድትነግረው ሊያስገድድህ አይችልም ይላል፤ ቨርጂኒያም ተመሳሳይ አላት። ፒቢጄ ከተሰጠ ሦስት ዓመት ሲሞላ ወይም ፕሮቤሽኑ ሲያልቅ፣ ከሁለቱ በኋለኛው ቀን ማመልከት ይቻላል (የጠጥቶ መንዳት ፒቢጄ የራሱ ደንብ አለው)። ፎርሙ ፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ቁጥሩ በ072 ያልቃል፣ ከኋላው ያለው ፊደል እንደ አዘጋጉ ስለሚለያይ የተሳሳተውን መሙላት ነው ሰውን የሚያስመልሰው። በዚያው ቀን ከአንድ ድርጊት የወጡ ክሶች አንድ ላይ ነው የሚታዩት፤ ከመሃላቸው አንዱ የማይሰረዝ ከሆነ ሌሎቹንም ሊያስቀር ይችላል።

ቨርጂኒያ ላይ ኤክስፐንጅመንት (መዝገብ ማሰረዝ) በነጻ ለተሰናበተ ወይም ክሱ ለተነሣ ነው። ሬክለሱ ጥፋተኛ የተባለበት ስለሆነ በዚህ በኩል አይሄድም።

ኢሚግሬሽን ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ዜጋ ያልሆነ ሰው ማሰረዣውን ከማስገባቱ በፊት ማኅተም ያለበት ኮፒ ቢያንስ ሦስት ያውጣ፦ የክሱን፣ የአዘጋጉን፣ ፕሮቤሽኑ ማለቁን የሚያሳየውን። ለዜግነት የሚሞላው ኤን-400 ተይዘህ፣ ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ሲል የተሰረዘውንና የታሸገውንም ጨምሮ ነው። መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ ክለርኩ «እንዲህ ያለ ጉዳይ የለንም» ይልሃል፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ አሻራህን አይቶ «ወረቀቱን አምጣ» ይልሃል። መሃል ላይ ትቀራለህ።

ደግሞም ፒቢጄ በሜሪላንድ ኮንቪክሽን ባይሆንም በፌዴራል የኢሚግሬሽን ሕግ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚታየው ጥፋትን ማመን ወይም ጥፋተኛ መባል አለ ወይ፣ ከዚያም ቅጣት ወይም ነጻነትን የሚገድብ ነገር ተሰጥቷል ወይ የሚለው ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን። ፕሮቤሽን ገደብ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለሆቴሉ «አይ» ብሎ ለኢሚግሬሽን «አዎ» ሊል ነው፣ ሁለቱም እውነት ሆኖ። ለዚህ ክፍል የሠፈር ፎርም ሞይ አይበቃም፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው። ገና ክስ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት የወንጀል ጠበቃው በኢሚግሬሽን ላይ የሚያመጣውን ሊነግረው ይገባል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ ወስኖታል።

ሜሪላንድ ላይ በ2024 ገዥው የማሩዋና ምሕረት የሰጡላቸውም ልብ ይበሉ፦ ምሕረት ማለት መሰረዝ አይደለም። መዝገቡ እንዳለ ሆኖ ነው ምሕረት የሚታየው፤ ማሰረዙ ለብቻው ይጠየቃል።

ግራ የገባው

ልድገመውና አርሙኝ። ሞንትጎመሪ አይጠይቅም፣ አይነገርም። ዲሲ ሆቴል፣ ከኦፈር በኋላ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ካለ ሬክለሱን «አዎ»፣ ፒቢጄውን አይነካም። ኤርፖርት፣ እንደ ጥያቄው፣ ወረቀቶቹ በእጅ። ዜጋ ካልሆነ ከማሰረዝ በፊት ኮፒ።

መዝገብ ቤት

ልክ ነህ። ሬክለሱን ሲጽፍ «በቨርጂኒያ ሚስዲሚነር፣ የፍጥነት ጉዳይ፣ ቅጣት ተከፍሎ ተዘግቷል» ብሎ ይጨምርበት፤ አለዚያ አንባቢው ስካር ይመስለዋል።

ለቨርጂኒያው ወረቀት ጊዜ አትስጥ። ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት የሚስዲሚነር መዝገቦችን የሚያቆየው 10 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይወገዳል፣ ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) ላይ ግን ሬክለሱ ለ11 ዓመት ይታያል።

ግራ የገባው

ጉዳዩ ፌርፋክስ ነው። በአካል መሄድ ግድ ነው?

መዝገብ ቤት

ግድ አይደለም። የጉዳዩን ቁጥር ከድረ ገጹ አውጣ፣ ለክለርኩ ደውለህ ለስንት ገጽ ስንት እንደሚያስከፍሉ ጠይቅ፣ ከዚያ ጥያቄውንና ክፍያውን አድራሻህ ከተጻፈበት ቴምብር ያለው ፖስታ ጋር ላክ። «ሰርቲፋይድ» የሚለውን ቃል በጥያቄው ላይ አትርሳ፤ ካልጻፍከው ማኅተም የሌለው ተራ ኮፒ ነው የሚመጣልህ፣ ባጅ ቢሮው ደግሞ አይቀበለውም።